የፋንታዬ ጉልበት

ሃና የመታጠቢያ ቤቱን በር ስታንኳኳ ፋንታዬ የእጅ መታጠቢያውን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨብጣ ግማሽ ቁጢጥ ብላ ነበር። ወደ ላይ ቀና ማለትም ወደ ታች መውረድም በማትችልበት ቦታ ላይ ነው የተደረሰባት። ቧንቧው ተከፍቷል፤ ውሃው ባልዲው ውስጥ እየተንፏፏ ይወርዳል።

«እናቴ፣ ደህና ነዎት?» አለች ሃና ከውጭ።

«ደህና ነኝ።»

«ውሃው ብዙ ፈሰሰ ብዬ ነው። ሮቶው ሊያልቅ ነው መሰለኝ፤ የመንግሥት ውሃ ደግሞ በዚህ ሳምንት አይመጣም እየተባለ ነው።»

«ልብስ እያለቀለቅኩ ነው። አሁን እዘጋዋለሁ።»

ቧንቧውን ለመዝጋት አንድ እጇን መልቀቅ ነበረባት። አንድ እጇን ከለቀቀች ደግሞ ክብደቷ ሁሉ ጉልበቷ ላይ ሊወድቅ ነው። ጥርሷን ነክሳ ቀስ ብላ ቀና አለች። ጉልበቷ ውስጥ አሸዋ የገባ ይመስል ገጭገጭ አለ። ቧንቧውን ስትዘጋው ቤቱ ጸጥ አለ፤ ዳገት እንደወጣ ሰው ቁና ቁና መተንፈሷን ያወቀችው ያኔ ነው። የሃና ነጠላ ጫማ ወደ ማድ ቤት እስኪርቅ ድረስ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ጠበቀች።

የሚለቀለቅ ልብስ አልነበረም። ስለዚህ ንጹሑን የአንገት ልብሷን ከመስቀያው አውርዳ ባልዲው ውስጥ ነከረችው፤ ጨምቃም ይዛው ወጣች። ያ የአንገት ልብስ ሳይቆሽሽ ሲታጠብ ሰንብቶ ቀለሙ መልቀቅ ጀምሯል። ሲጋራ ደብቆ እንደሚያጨስ ጎረምሳ፣ በዚህ ዕድሜዋ በር ዘግታ የምትደብቀው ነገር ቢኖር እግሯን ማጠፍና መዘርጋት ነበር።

ፋንታዬ ስልሳ ሊሞላት ጥቂት የቀራት ሴት ናት። ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችው ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን ጫኖ ውስጥ፣ በመስኖ በሚለማ የሙዝና የማንጎ ማሳ ላይ ነው። ቦይ ስትከፍት፣ ቦይ ስትደፍን፣ የሙዝ ዘለላ ተሸክማ ወደ መንገዱ ስታወጣ ኖራለች። ባሏ ይፍሩ በሞተ በዓመቱ አንድ ልጇ ዕዝራ «ከእንግዲህ ብቻሽን አትኖሪም» ብሎ አርባ ምንጭ ከተማ፣ ሲቀላ ሰፈር ወዳለው የኪራይ ቤቱ አመጣት። ዕዝራ ወንጌላዊ ነው፤ ሚስቱ ሃና ወረዳ ጽሕፈት ቤት ትሠራለች። በደስታ ተቀበሏት። ከተቀበሏት በኋላ ግን ምንም ነገር እንድትነካ አልፈቀዱላትም። መጥረጊያ ስታነሳ ይቀሟታል። የሽፈራው ቅጠል ልቀንጥስ ስትል ሰፌዱን ይወስዱባታል። «እርስዎ ይረፉ» ትላለች ሃና። «እስካሁን የለፋሽው ይበቃል» ይላል ዕዝራ። ፋንታዬም አረፈች፤ ባረፈች ቁጥር ግን ጉልበቷ እየደረቀ ሄደ። ጠዋት ከአልጋ ስትወርድ እግሮቿ የራሷ አይመስሏትም ነበር።

ሆስፒታል የወሰዳት ራሱ ዕዝራ ነው። ሐኪሙ ጉልበቷን ራጅ አስነስቶ አየና አርትራይተስ ነው አላት፤ በአገሬው አነጋገር ቁርጥማት። ከዚያም ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል መራት። እዚያ የተቀበለቻት ሰብለ የምትባል፣ ከጎጃም ለትምህርት መጥታ እዚሁ ሥራ ይዛ የቀረች ልጅ ነበረች።

«ቀኑን እንዴት ነው የሚያሳልፉት?» ብላ ጠየቀቻት ሰብለ።

«እቀመጣለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ሲደክመኝ እተኛለሁ።»

ሰብለ ሳቀች፤ ሳቋ ግን የሚያሳፍር አልነበረም። «ያልተንቀሳቀሰ መገጣጠሚያ ዘይት እንዳልነካው የበር ማጠፊያ ነው፣ ይዝጋል። ጠዋት ገና አልጋው ላይ እያሉ ተረከዝዎን ወደ መቀመጫዎ ሳብ፣ ደግሞ ዘርጋ ያድርጉ። ሲነሱ የሆነ ነገር ይያዙና ተረከዝዎን ከመሬት ያንሱ፣ ይመልሱ። ከዚያ ግማሽ ቁጢጥ። ትንሽ ቢያምዎት አይፍሩ፤ ከባሰብዎት ግን ይተዉት።»

በየረቡዑ እዚያ ክፍል መሄድ ጀመረች። አበቡንም ያገኘቻት እዚያው ነው። አበቡ የጫኖ ጎረቤቷ ናት፤ ማሳቸውን የሚለየው አንድ ቦይ ነበር። የአበቡ ሕመም የእጅ ጣቶቿን፣ የእጅ አንጓዋን፣ ትከሻዋን ሁሉ የያዘ ከባድ ዓይነት ነው። «የእርስዎን እንቅስቃሴ ያግዘዋል፤ የእሳቸው ግን ያለ ክኒን አይሆንም፤ ካቋረጡት መገጣጠሚያቸውን ይበላዋል» ብላ ሰብለ ለሁለቱም ነግራቸዋለች። ረቡዕ ረቡዕ ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው ጣት ሲያጥፉ፣ እግር ሲዘረጉ፣ የጫኖን ወሬ በጋሞኛ ሲያወሩ ይውሉ ነበር። ፋንታዬ ከተማ ከገባች ወዲህ የምትጓጓለት ቀን ቢኖር እሱ ብቻ ነበር።

ከዚያ በዕዝራ ቤተ ክርስቲያን የፈውስ ጉባኤ መጣ።

ያን ዕለት የሆነውን ፋንታዬ አትክድም። ከሌላ ከተማ የመጣ አገልጋይ ጉልበቷ ላይ እጁን ጭኖ ጸለየላት፤ ሙቀት የመሰለ ነገር እግሯን ወረሳት፤ ተነሽ ሲላት ተነሳች። አልታመማትም። በመድረኩ ላይ ወዲያና ወዲህ ተመላለሰች፣ አለቀሰች። ሕዝቡ በእልልታ አዳራሹን አናጋው። ዕዝራ ተንበርክኮ ግንባሩን መሬት አስነክቶ ነበር።

ዕዝራን እንደዚያ ያደረገው የእሷ ጉልበት ብቻ አልነበረም። አባቱ ታሞ በተኛ ጊዜ ዕዝራ በዚያው መድረክ ላይ ቆሞ «አባቴ አይሞትም» ብሎ ነበር። ይፍሩ ሞተ። ከምእመናኑ አንድም ሰው ያንን ቃል አንስቶበት አያውቅም፤ የጎዳውም ይኸው ዝምታቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ስብከቱ ደረቀ፤ ለበሽተኛ ጸልይ ሲሉት ሌላ ሰው ያስቀድም ነበር። እናቱ መድረክ ላይ የተራመደች ዕለት ዕዝራ ወደ ቀድሞ ማንነቱ ተመለሰ። ፊቱ በራ፣ ድምፁ ወፈረ። ቪዲዮው በየስልኩ ዞረ። ሰዎች የተፈወሰችውን እናት ለማየት ቤት ድረስ ይመጡ ጀመር።

ሳምንት ሳይሞላ ጉልበቷ ጠዋት ጠዋት መያዝ ጀመረ። የተፈወሰ ሰው ደግሞ ረቡዕ ረቡዕ ሆስፒታል አይሄድም። ያኔ ነው ፋንታዬ መታጠቢያ ቤቱን የጀመረችው።

ሃና የመታጠቢያ ቤቱን በር ባንኳኳችበት ቅዳሜ ዕዝራ ለምሳ ሲገባ ደስ ብሎት ነበር።

«ነገ ምስክርነቱን የምትሰጪው አንቺ ነሽ፣ እማዬ» አላት። «ሽማግሌው ጋሽ ክብሩ ፕሮግራም ውስጥ አስገብተውሻል። ከአጥቢያዎችም ሰው ይመጣል።»

«ሰው ሁሉ አይቶት የለ እንዴ? ምን ልጨምርበት?»

«ያየም ያላየም አለ። ደግሞ ከአፍሽ ሲሰሙት ሌላ ነው።»

ፋንታዬ እጇን ወደ ጉልበቷ ሰደደች፤ ከዚያ ሃና እያየቻት መሆኑን ስታውቅ ቀሚሷን የምታስተካክል መስላ መለሰችው።

ከምሳ በኋላ ከበር ላይ ባጃጅ ቆመ። ሾፌሩ አንድ ዘለላ ሙዝ ይዞ ቀድሞ ገባ፤ ከኋላው አበቡ፣ ነጠላዋ መሬት እየተጎተተ፣ አንድ እግሯን ከሌላው እያስቀደመች መጣች።

«ሳሮ፣ የዕዝራ እናት» አለች፤ ሰላምታዋ የጫኖ ነው። ልትጨብጣት ስትል እጇን መለሰችና በትከሻዋ ነካቻት።

ፋንታዬ የጓደኛዋን እጅ አየች። ጣቶቿ እንደ ዝንጅብል አብጠው፣ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ዞረዋል። ለመጨረሻ ጊዜ ሆስፒታል አብረው በነበሩበት ረቡዕ ያ እጅ ፎጣ መጭመቅ ይችል ነበር።

«እጅሽ ምን ሆነ?»

«ይኸው እንደምታይው። ለዚህ ነው የመጣሁት። ነገ አብሬሽ ገብቼ እንዲጸለይልኝ።»

«ክኒኑስ?»

አበቡ አልጋው ጠርዝ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «ክኒኑን ትቻለሁ። አንቺ የተነሳሽ ሰሞን ነው የተውኩት። አንቺን ያነሳ እኔን አያልፈኝም ብዬ። ሰብለ ደጋግማ ደወለችልኝ፤ አፈርኩና አላነሳሁላትም።»

«አበቡ...»

«ተይኝ፣ ልጨርስ። ሌሊት ሌሊት እያሰብኩት ነው። አንቺና እኔ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ነው የታከምነው። የአንቺ ሲሄድ የእኔ ባሰበት። እንግዲህ የጎደለው የእኔ እምነት ነው። ያን ዕለት ምን ብለሽ ነበር የጸለይሽው? ንገሪኝ፤ እኔም እንደሱ ልበል።»

ፋንታዬ ልትመልስ አፏን ከፈተች። በዚህ መሃል ሃና ከበቆሎ ዱቄትና ከሽፈራው የተቀቀለ ኩርኩፋ በሳህን፣ ዳጣውን በትንሽ ጣባ ይዛ ገባች፤ ዕዝራም ተከትሏት መጣ። የአበቡን ትከሻ ይዞ «እንኳን መጡ፣ እማማ አበቡ። ነገ የእርስዎ ቀን ነው» አላት። አበቡ አለቀሰች። ፋንታዬ የከፈተችውን አፍ በኩርኩፋ ዘጋችው፤ ጣዕሙ አልታወቃትም።

አመሻሽ ላይ ዕዝራ ግቢው ውስጥ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጦ የእሁድ ጫማውን ይቦርሽ ነበር። አበቡ ጋደም ብላለች፤ ሃና ማድ ቤት ናት። ፋንታዬ ግድግዳውን እየተደገፈች ወጣችና አጠገቡ ካለው ዱካ ላይ ተቀመጠች።

«ዕዝራ፣ ጉልበቴ ጠዋት ጠዋት ይይዘኛል።»

ብሩሹ ቆመ። «ከመቼ ወዲህ?»

«ከጉባኤው ሳምንት ሳይሞላ።»

«ለማን ነገርሽ?»

ያምሻል ወይ ብሎ የሚጠይቃት መስሏት ነበር። «ለማንም» አለችው።

«እንግዲያውስ አትናገሪ። እማዬ፣ ስሚኝ። ይሄ የበሽታ ምልክት ብቻ ነው፣ በሽታው የለም። ጠላት የተነጠቀውን ሊመልስ ሲፈልግ ምልክት ይልካል። እሺ ብለሽ ከተቀበልሽው ይቀመጣል።»

«ሰብለ ያስተማረችኝን ሳደርግ እኮ ይለቀኛል።»

«እሱን ትሠሪያለሽ?»

«ሰው ሳያየኝ ነው። መታጠቢያ ቤት።»

ዕዝራ ጫማውን መሬት ላይ አስቀመጠው። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። «ይሄን ሰው ቢያይ ምን ይላል? የወንጌላዊው እናት መድረክ ላይ ተፈወስኩ ብላ ጓዳ ገብታ ሆስፒታል ያዘዘላትን ትሠራለች አይልም?»

«አበቡ ክኒኗን ትታለች፣ ልጄ። በእኔ ነው የተወችው። እጇን አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ?»

ጫማውን መልሶ አነሳ። ማንጎው ላይ ወፎች ይንጫጫሉ። ከዚያ ፊቱን ሳያነሳ «ያኔ አባዬን እንዳልኩት...» ብሎ ጀመረና አቋረጠው። «ደግሞ እንደሱ እንዲሆን አታድርጊብኝ። ሁለተኛ አልችለውም። እባክሽ እማዬ።»

ፋንታዬ የልጇን አንገት ከኋላ አየችው። ልጅ ሆኖ ከቦይ ስታወጣው እንደዚህ ነበር የሚያቀረቅረው።

«እሺ» አለችው።

እሺ ማለቱ ቀላል ነበር። ከዱካው መነሳቱ ነው የከበዳት። ልጇ እያያት ስለሆነ ምንም ሳትደገፍ ተነሳች፤ ፊቷንም አላጨማደደችም፤ ግቢውን እንደ ጤነኛ ሰው አቋርጣ ገባች። ክፍሏ ስትደርስ ግን የበሩን እጀታ ይዛ ረጅም ጊዜ ቆመች።

እሁድ ጎህ ሲቀድ ነቃች። ዘወትር ቢሆን አልጋዋ ላይ እንዳለች ተረከዟን ሳብ ዘርጋ አድርጋ፣ እግሯን ካላላች በኋላ ወደ መታጠቢያ ቤት ትሄዳለች። ዛሬ ግን ከአልጋዋ ማዶ፣ መሬት በተዘረጋ ፍራሽ ላይ አበቡ አለች፤ ዓይኗ ተከፍቷል።

«ነቃሽ?» አለች አበቡ።

«ነቃሁ።»

«ሽንት ቤት መሄድ ፈልጌ ነበር። እጄን መሬት አስደግፌ መነሳት አቃተኝ። ሳብ ታደርጊኛለሽ?»

ፋንታዬ ብርድ ልብሱ ውስጥ ጉልበቷን ለማጠፍ ሞከረች። ጉልበቷ እንቢ አለ። እንደ ወትሮው ጥቂት ብታንቀሳቅሰው እንደሚላላ ታውቃለች፤ ግን አበቡ እያየቻት ነው፤ የተፈወሰች ሴት አልጋዋ ላይ ተኝታ እግሯን ስትስብና ስትዘረጋ ምን ትላታለች?

«ገና ነው፤ ትንሽ እንረፍ» አለቻት።

«እሺ» አለች አበቡ። ጥቂት ቆይታ «ይቅርታ፣ ያስቸገርኩሽ መሰለኝ» ብላ ጨመረች።

ሁለቱም ጣሪያውን እያዩ ተኙ። አበቡ ያበጡ ጣቶቿን ደረቷ ላይ አስቀምጣለች። ፋንታዬ ከብርድ ልብሱ በታች የእግር ጣቶቿን ብቻ፣ ልብሱ እንዳይነቃነቅ እየተጠነቀቀች፣ ወደ ላይ ወደ ታች አለቻቸው። የሚቻላት ያን ያህል ነበር። በሩን አንኳኩታ ገብታ አበቡን ከፍራሹ አንስታ ደግፋ የወሰደቻት ሃና ናት። ፋንታዬ ነጠላዋን የምትፈልግ መስላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። አበቡ እስክትመለስ ድረስ ያላት ጊዜ እግሯን መሬት ለማስረገጥ እንኳ አልበቃትም። ሃና ደግሞ ወዲያው ተመልሳ ቀሚሷን ታለብሳት ጀመር፤ መታጠቢያ ቤቱንም ዕዝራና ሃና ለፕሮግራም ሲዘጋጁ ተፈራረቁበት። ጉልበቷን ሳታላላ ቤተ ክርስቲያን ሄደች።

አዳራሹ ሞልቷል። የቆርቆሮው ጣሪያ ከማለዳው ጀምሮ ይግላል፤ ሴቶቹ በመዝሙር ወረቀት ፊታቸውን ያራግባሉ። ፋንታዬን ከፊት ረድፍ፣ በአበቡና በሃና መሃል አስቀመጧት። መዘምራን ዘመሩ፣ ጸሎት ሆነ፣ መባ ተሰበሰበ፣ ደግሞ ተዘመረ። ሌላው ሲነሳ እሷም መነሳት ነበረባት፤ እንባዋን የምትጠርግ መስላ ተቀምጣ ቀረች። በፕላስቲኩ ወንበር ላይ በቆየች መጠን ጉልበቶቿ እንደ ሲሚንቶ እየደረቁ መሄዳቸው ተሰማት።

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጋሽ ክብሩ ማይኩን ያዙ። «እግዚአብሔር በመካከላችን ያደረገውን ከራሷ አንደበት እንሰማለን። እናታችን ፋንታዬ፣ ወደዚህ ነይ።»

ጭብጨባው ተነሳ። ፋንታዬ ወንበሩን በሁለት እጇ ገፋች፤ አልተነሳችም። እንደገና ገፋች። ሃና ክርኗን ይዛ አነሳቻት፤ ለተመልካች አክብሮት ይመስል ነበር። የመድረኩን ደረጃ የወጣችው ሃና ላይ ተንጠልጥላ ነው። ላይ ዕዝራ ይጠብቃታል፤ ጫማው ያብረቀርቃል። ማይኩን ሰጣት።

«ጌታ ይባረክ» አለች።

«አሜን» አለ አዳራሹ።

ከፊት አበቡን አየቻት፤ ያበጡ እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ቃል እንዳያመልጣት አንገቷን አስግጋለች። ፋንታዬ ለልጇ ቃል ገብታለታለች። አበቡም እዚያ አለች። ያላት ምርጫ የሆነውን መናገር ብቻ ነበር።

«ያን ቀን ጉልበቴ እውነትም አላመመኝም። አልክደውም።»

«አሜን።»

«ከዚያ ወዲህ ግን ጠዋት ስነሳ እግሬ አይታዘዘኝም። ይደርቃል።»

«በኢየሱስ ስም» አሉ ጥቂት ሰዎች።

«የሆነ ነገር እይዛለሁ፤ ቁጭ ብድግ እላለሁ። ብዙ እታገለዋለሁ። ሲቆይ ይለቀኛል።»

«ሃሌሉያ» አለ አንድ ሰው ከኋላ። ሌሎችም ተቀበሉት። ኪቦርድ ተጫዋቹ ንግግሩ ጫፍ የደረሰ መስሎት አንድ ወፍራም ድምፅ ለቀቀ።

«ነገ ጠዋትም ይይዘኛል። ከነገ ወዲያም ይይዘኛል» አለች ፋንታዬ፤ ድምፅዋ ግን በኪቦርዱ ውስጥ ሰጠመ።

ዕዝራ ማይኩን ከእጇ በቀስታ ወሰደው። «ሰማችሁ?» አለ። «ጠላት በየማለዳው ይመጣል። እናቴ ደግሞ በየማለዳው ታሸንፈዋለች።» ሕዝቡ ብድግ አለ፤ እልልታው ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው። ዕዝራ እናቱን አቀፋት። በጆሮዋ «አመሰግናለሁ» አላት፤ ከእስር የተፈታ ሰው ድምፅ ነበር።

ፋንታዬ ወደ ወንበሯ እስክትደርስ ድረስ ሴቶች እጇን እየያዙ ሳሙት። እውነቱን ተናግራለች። ሁሉም ሰምቷታል፤ ማንም አልሰማትም። ሌላ ቃል ብትጨምር ሌላ አሜን ይሉበት ነበር። አበቡ በእንባ የራሰ ፊቷን ወደ እሷ አዞረች።

«ገባኝ» አለቻት። «መታገል ነው ለካ። እኔም ክኒኑን ዞር ብዬ አላየውም።»

መልስ ሳትሰጣት ጋሽ ክብሩ «ሕመም ያለባችሁ፣ ሊጸለይላችሁ የምትፈልጉ፣ ወደ ፊት ኑ» አሉ። ሰዎች ከየረድፉ ይወጡ ጀመር፤ ሽማግሌዎች፣ ሕፃን ያዘሉ እናቶች፣ እጁን በፋሻ ያንጠለጠለ አንድ ገበሬ። አበቡም ሃና ደግፋት ተነሳች፤ ከሰልፉ መጨረሻም ቆመች።

ፋንታዬ ብቻዋን ቀረች። አሁን ነገሩ አልቋል። ጥቂት ታግሳ ቤቷ ብትገባ ምሳ አለ፤ ልጇ ደስተኛ ነው፤ ነገ መታጠቢያ ቤቱ ባዶ ይሆናል። የተናገረችውን ያልሰሙት እነሱ ናቸው። እንዲህ እያለች የአበቡን ጀርባ አየች። አበቡ ነጠላዋ ከትከሻዋ ተንሸራቶ ልትመልሰው ትታገላለች፤ ጣቶቿ ጨርቁን መያዝ አቅቷቸዋል።

ፋንታዬ ቀኝ እግሯን ከወንበሩ ፊት ዘረጋችው። ያዝ አደረገችው፣ መለሰችው። ግራውን ዘረጋች። ከጎኗ ያለች ሴት ምን እየሆነች እንደሆነ ዞር ብላ አየቻት፤ ፋንታዬ አላቆመችም። ደግሞ ቀኙን፣ ደግሞ ግራውን። ጉልበቷ ገጭ አለ፤ ቀጥሎ ትንሽ ላላ። ተረከዟን መሬት አስረግጣ፣ የወንበሩን ጠርዝ ገፍታ፣ ማንም ሳይዛት ተነሳች። እያነከሰች ሄዳ ከአበቡ ኋላ ቆመች፤ ነጠላዋንም መለሰችላት።

ሃና ደንግጣ ቀረበቻት። «እናቴ» አለቻት በሹክሹክታ፣ «ይሄ እኮ የሕመምተኞች ሰልፍ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

አበቡ ዞረች። «አንቺ ምን ሆነሽ?»

«ጠዋት አንሺኝ ስትዪኝ ለምን ያላነሳሁሽ መሰለሽ?» አለቻት ፋንታዬ በጋሞኛ። «እኔም መነሳት አቅቶኝ ነው። ሲጸለይልሽ አሜን በይ፤ ከዚህ ስንወጣ ደግሞ ለሰብለ እንደውላለን። ክኒኑን እንዴት እንደምትጀምሪው ትነግርሻለች። ረቡዕ እኔም እመጣለሁ።»

አበቡ የፋንታዬን ጉልበት፣ ከዚያ የራሷን ጣቶች አየች። ክርኗን ወደ ኋላ ሰደደችላት፤ ፋንታዬም ያዘችው።

ከፊት ዕዝራ እየጸለየ ይመጣል። ከእያንዳንዱ ሰው ፊት ቆሞ ምን ልጸልይልህ፣ ምን ልጸልይልሽ እያለ ማይኩን ወደ አፋቸው ያስጠጋል። ገበሬው ስለ እጁ ተናገረ። አንዲት እናት ስለ ልጇ ትኩሳት ተናገረች። አበቡ ጣቶቿን ዘርግታ አሳየችው፤ እጁን ጭኖ ረጅም ጸሎት ጸለየላት። አሜን ብሎ ዓይኑን ሲከፍት ከአበቡ ትከሻ ጀርባ እናቱን አየ።

ኪቦርዱ እየተንቆረቆረ ነው። የፊት ረድፎቹ ጸጥ አሉ። ዕዝራ ማይኩን ወደ ጎኑ አወረደው። አንዲት ቃል ሳትናገር ወደ ወንበሯ ብትመለስለት እንደሚወድ ዓይኑ ላይ አነበበች።

«ሌሎቹን የጠየቅከውን ጠይቀኝ» አለችው።

«ምን ልጸልይልሽ?» አለ፤ የሰማችው እሷ ብቻ ናት።

ፋንታዬ ማይኩን የያዘውን እጁን በእጇ ያዘችው። ከነማይኩ ቀስ አድርጋ ወደ አፏ አነሳችው።

«ጉልበቴን ነው» አለች። «ዛሬም ይዞኛል።»